የሃያ አራት ቁጥር መፍቻ

ቴፒ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራ ተወህ ወይስ አሁንም ባዶ ሆድህን ነው ቢሮ የምትገባው? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴም ዝናቡ ሲያባራ ይተወኛል። ቤቱ ደህና ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ይልሃል። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ፣ ለማን እንደምሰጠው ጨንቆኛል።

ደብዳቤ ስልክልህ ምን ነካት ማለትህ አይቀርም። ሁለቴ ደውዬልህ ሁለቴም ስብሰባ ላይ ነኝ አልከኝ። በመጀመሪያው ማሽኑ ላይ የሚሠራው አሞጽ ተጎዳ ስልህ ሰምቻለሁ አልክና ዘጋኸው። ሦስተኛ ብደውል ደግሞ እኔው ራሴ አልጨርሰውም፤ ድምፅህን ስሰማ ስለ ዝናቡ አውርቼ እዘጋዋለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቢሮ ውስጥ ግን አታንብበው።

የምታውቀውንም ጭምር ከመጀመሪያው እነግርሃለሁ፤ አንተ የምታውቀውና እኔ የማውቀው አንድ አልመሰለኝምና።

የዛሬ ሦስት ዓመት ወደ ጣቢያችን ስትመደብ ያ የቡና ማጠቢያ ምን ይመስል እንደነበር አትረሳውም። መፍቻው ጆንያ ውስጥ፣ ፒንሳው ዘበኛው ቤት፣ ማርቴሎው የትም። መፈልፈያ ማሽኑ በቆመ ቁጥር ግማሽ ቀን መሣሪያ ፍለጋ ነበር፤ እሸት ቡናው ደግሞ ከነከረጢቱ ይሞቃል። አንተ መጣህና ካይዘን አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ። የማናልሞሽ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጥረጊያ ተምሮ መጣ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አልነገርኩህም እንጂ። አንተ ግን ወይ ፍንክች። ማጣራት፣ ማደራጀት፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ እያልክ አምስቱን እንደ ውዳሴ አስደገምከን። ትልቅ ሰሌዳ አሠርተህ ነጭ ቀባኸውና የእያንዳንዱን መሣሪያ ቅርጽ በቀይ ቀለም ሳልክበት። መፍቻው ሲነሳ ቀዩ ቅርጽ ባዶውን ይቀራል፣ የወሰደው ሰው ስሙን በካርድ ያንጠለጥልበታል። ማሽኑ ሲቆም ማንም ሮጦ ያነሳል፣ ይፈታል፣ ይመልሳል። ግማሽ ቀን የነበረው አሥር ደቂቃ ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ አምጪ ስባል የኖርኩት የንብረት ክፍሏ እናትህ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይጨቀጭቀኝ ዋልኩ።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሰሌዳው ፊት አምስት ደቂቃ ታቆመንና ትናንት ምን አስቸገራችሁ ትለን ነበር። መጀመሪያ ማንም አፉን አይከፍትም ነበር። በኋላ ግን ለቃሚዋም፣ አጣቢውም፣ ዘበኛውም ሳይቀር ይናገር ጀመር።

ወደ ሚዛን ከተማ ቢሮ ተዛውረህ ዕቃህን ስትጭን የነገርከኝን አልረሳሁም። አራቱን ማንም ይሠራቸዋል፣ አምስተኛዋ ናት ከባዷ፣ እማዬ እንዲዘልቅ አድርጊልኝ አልከኝ። እናት ይህን ሰምታ ምን ታደርጋለች?

በሄድክ በሦስተኛው ሳምንት የአሥራ ዘጠኝ ቁጥሩ መፍቻ ጠፋ። ቀዩን ባዶ ቅርጽ ባየሁ ቁጥር ጥርሱ የወለቀ ልጅ የማይ ይመስለኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ከአንዱ ሞተረኛ ዘንድ ተገኘ፤ እኔ ግን አላመነኝም። አናጢ አመጣሁና መስታወት ያለው በር አሠራሁለት። ጓጉንቸር ገዛሁለት። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ከፈለኝ አይቶ እጅሽ ይባረክ አለኝ። ቁልፉን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጠርኩት።

መጀመሪያ መጀመሪያ መጥተው ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ለምንድን ነው፣ ለስንት ደቂቃ ነው፣ እጅህን ታጥበሃል ወይ እያልኩ አደርቃቸዋለሁ። ግሪስ ነክቶት ሲመለስ ደግሞ ያን ቀን አያድርስ ነው። አመሌን ታውቀዋለህ። ቀስ በቀስ መጠየቁን ተዉት። አንተ ከግቢ ያስወጣሃት አሮጌ ጆንያ ከየት እንደተመለሰች እንጃ፣ ከማሽኑ ሥር ተቀመጠች። አፉ የተበላ መፍቻ፣ እጀታ የሌለው ካቻቢቴ፣ ምኑ ቅጡ። በእሷ ይሠራሉ፤ ያንተ ሰሌዳ መስታወት ውስጥ ያበራል። የጠዋቱም መቆም አልቀረም፤ ያቺ ጥያቄህ ግን አብራህ ሄደች። ስም ይጠራል፣ እንበተናለን።

እንግዳ ሲመጣ እከፍተዋለሁ። ከማሻ መጡ፣ ከጌጫ መጡ፣ ከሚዛንማ ስንቴ። ሁሉም ፎቶ ያነሱታል። እኔም በየቀኑ ካርዱ ላይ «መሣሪያዎች በሙሉ በቦታቸው ናቸው» ከሚለው ፊት ምልክት አደርጋለሁ። አንተን ይንሳኝ፣ አንድ ቀን ሐሰት አልጻፍኩም። ሁሉም በቦታው ነበር። በስልክ ሥራው እንዴት ነው ስትለኝ እንደተውከው ነው እልህ ነበር፤ እንደተውከው ነበራ!

አንተም አይተኸዋል። መጋቢት ላይ መጥተህ መስታወቱን በጣትህ ነካ ነካ አደረግክና በጣም አሳምረሽዋል አልከኝ፣ ፎቶ አነሳህ። ጓጉንቸሩ ከፊትህ ነበር። አሞጽ አጠገብህ ቆሞ ነበር። ምን አስቸገራችሁ ብለህ አልጠየቅከውም። ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር፣ እሱ ነገር አይደብቅም። እኔንም አልጠየቅከኝም፤ ብትጠይቀኝ ግን እኔ እንጃ፣ የምነግርህ አይመስለኝም። ይህን የምጽፈው ጥፋቴን ላሸክምህ አይደለም። የእኔ የእኔ ነው።

ኅዳር ስድስት ዓርብ ዕለት ጌጫ ለቅሶ ሄድኩ፤ የአክስቴ ልጅ አርፎ ነው። ቁልፉ ነጠላዬ ላይ እንደተቋጠረ አብሮኝ ሄደ። ለማንም አልሰጠሁትም። ስጪን ያለኝም የለም፤ ማንም የማይነካውን ነገር ቁልፍ ማን ይጠይቃል?

ቅዳሜ ጠዋት እሸት ቡናው ከየቀበሌው ጎርፎ ግቢው መርገጫ አጥቷል። ሰው ተሰልፏል፣ ሚዛኑ አይዘጋም። በዚህ መሀል የማሽኑ ቀበቶ ወለቀ። አሠራሩን አንተ ነህ ያስተማርካቸው፣ እኔ እንኳ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሞተሩ ይጠፋል፣ የሞተሩ ብሎኖች በሃያ አራት ቁጥር መፍቻ ይላላሉ፣ ቀበቶው ይገባል፣ ብሎኑ ተመልሶ ይጠብቃል። የጆንያዋ ሃያ አራት ግን አፉ ተበልቶ ብሎን አይዝም። ስለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ሞተሩ ቀስ ብሎ እየዞረ ቀበቶውን በእጅ እየገፉ ያስገቡታል። እኔ ካርድ ላይ ምልክት ሳደርግ እነሱ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሠሩ ነው የኖሩት። ያን ቀን አሞጽ ነበር የሚገፋው፤ ቀበቶው ከነእጁ ጎተተው።

ሞተሩን ወዲያው አጠፉት፤ እጁ ግን በቀበቶውና በመዘውሩ መካከል ተነክሶ ቀረ። ቀበቶውን በቢላ እንዳይቆርጡት እጁ ከሥሩ ነው፣ ፈሩ። ብሎኑን ማላላት ብቻ ነው የሚያወጣው። መፍቻው አሥር እርምጃ ላይ ነው፤ በመስታወት ቁልጭ ብሎ ይታያል። አሥራ ሁለት ሰው ቆሞ አየው። አንዱ ስልኬን ይሞክራል፤ እኔ ከጌጫ ስመለስ ጫካው መንገድ ላይ ነኝ፣ ኔትወርክ የለም። አንዱ በሞተር ወደ ቤታችን በረረ። መስታወቱን ልስበር ያለ ሰው አልነበረም። በመጪው ሐሙስ ከሚዛን ለሚመጡት እንግዶች ተብሎ በዚያው ሳምንት ወልውዬው ነበር፤ ጣቱን ያሳረፈበትን ሁሉ ተቆጥቼ ነበር። አሞጽ ራሱ፣ እጁ ማሽን ውስጥ ሆኖ፣ «የእትዬን መስታወት አትስበሩ፣ ቁልፉን ፈልጉ» አለ። ይህን የነገረችኝ ሚስቱ ዲቦራ ናት። እሸት ትለይ ከነበረችበት ጩኸት ሰምታ ስትመጣ ሩብ ሰዓት አልፏል። ድንጋይ አንስታ የሰበረችው እሷ ናት።

አራት ጣቱን አጣ። የቀኝ እጁን ነው፤ አውራ ጣቱ ብቻ ተረፈች። ሐኪሙ፣ እጁ ቶሎ ወጥቶ ቢሆን ምናልባት ሁለቱ ይተርፉ ነበር ብሏል አሉ። እኔ ያቺን ምናልባት እንደ ምናልባት አልሰማኋትም።

ሰኞ ሥራ ስገባ አቶ ከፈለኝ አዲስ መስታወት አስገብቶለት አገኘሁት። ወለሉም ታጥቧል። ጌጫ ለቅሶ ላይ ያላለቀስኩትን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩት። ማክሰኞ አናጢውን ጠራሁና በሩን ከነማጠፊያው አስነቀልኩት። ጆንያዋንም ራሴ ጎትቼ አወጣሁና ለብረታ ብረት ሰብሳቢ ሰጠኋት። አቶ ከፈለኝ ጮኸብኝ። ይጩህ።

አሁን ሰሌዳህን ብታየው አታውቀውም። ነጩ በግሪስ ጠቁሯል። ረቡዕ አሥራ ዘጠኙ እንደገና ጠፋ፤ አፌን ይዤ ዋልኩ፣ ምን እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። ዓርብ ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘሁት። ስማቸውን በካርድ ማንጠልጠል ረስተዋል፣ እንደ አዲስ አለማምዳቸዋለሁ። ጠዋትም ቆመን ትናንት ምን አስቸገራችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። ማንም አልተነፈሰም። እኔን ይፈሩኛላ። ሐሙስ ግን አንዷ አጣቢ ቦዩ ያንሸራትታል አለች፤ ዓርብ ጠጠር አስነጠፍንበት። እንዲህ ነው መሆን የነበረበት። ይቆሽሻል፣ ይጠፋል፣ ትተካዋለህ፣ በየቀኑ ምራቅህ እስኪደርቅ ትናገራለህ፣ በማግስቱም ትደግመዋለህ። እኔ ማዝለቅ ማለት ሰው እንዳይነካው መጠበቅ መስሎኝ ነበር። ልጄ የሠራውን ማን ይነካብኛል ብዬ ነው። ኩራት ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

እስካሁን ያለውን ለማንም ላነብለት እችላለሁ። ከዚህ በኋላ ያለው ያንተና የእኔ ነው።

ከትናንት ወዲያ ዓርብ ከምሳ በኋላ አቶ ከፈለኝ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ፤ ያኔ ነው የፈራሁት። በዘጠኝ ዓመት ሻይ አዞልኝ አያውቅም። ሐሙስ ኅዳር 19 ከሚዛን እንግዶች እንደሚመጡ፣ ጣቢያችን ለውጥን በማዝለቅ ምሳሌ ነው ተብሎ የምስክር ወረቀት እንደሚቀበል፣ አንተም ቆመህ እንደምትናገር፣ የማውቀውን መልሶ ነገረኝ። እስከዚያ በሩ ተመልሶ ይገጠም አለኝ። ቀጥሎ መሳቢያውን ከፍቶ ቃለ ጉባኤ አወጣ። አንድ ገጽ ናት። የመሣሪያ ሰሌዳው በሥራ ሰዓት ምንጊዜም ለሠራተኛው ክፍት ነው ትላለች። ሃያ አራት ቁጥሩ መፍቻ በዕለቱ በቦታው ነበር ትላለች፤ ይቺስ እውነት ናት። ሠራተኛው አሞጽ የተማረውን አሠራር በገዛ ፈቃዱ ጥሶ እጁን አስገባ ትላለች። ይህ ከጸደቀ አሞጽ በቸልተኝነት ተባረረ ማለት ነው። የሥራ ላይ ጉዳት አይባልለትም። ሦስት ልጅ በአንድ አውራ ጣት ያሳድግ ማለት ነው።

ለእኔም ቦታ ተትቶልኛል፤ የንብረት ክፍል ኃላፊ ይላል። ይህን አልፈርምም ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ወይዘሮ ማናልሞሽ፣ አንቺ ካልፈረምሽ የምወድቀው እኔ አይደለሁም፤ ልጅሽ ነው» አለኝ።

ነገሩ ውሸት አይደለም። ሪፖርቱ ሁሉ ያንተ ነው። ይህን ጣቢያ ይዘህ ነው እዚህ የደረስከው። ለሐሙስ ያሰፋኸውን ኮት ፎቶውን ልከህልኝ ለስንቱ እንዳሳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው። ስምህ በአደባባይ ሲጠራ ከፊት ወንበር ተቀምጬ እየታየኝ ነበር የሰነበትኩት። አልዋሽህም ልጄ፣ እስክሪብቶውን አነሳሁ። አሞጽን እያወቅሁት፣ ልጆቹን በስም እያወቅኋቸው፣ ላንተ ስል አነሳሁት። ከዚያ የምፈርምበትን ቦታ ስፈልግ ዓይኔ ከፍ ብሎ አንድ ነገር አየ። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩት። አቶ ከፈለኝ ምን ሆንሽ አለኝ። መነጽሬን ረስቼ ነው፣ ሰኞ እፈርማለሁ አልኩት። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ያየሁትን ቆይቼ እነግርሃለሁ።

ትናንት አሞጽ ቤት ሄድኩ። ለዲቦራ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቁልፉንም፣ ካርዱንም፣ ወረቀቱንም። ትጮህብኛለች፣ ከቤቴ ውጪ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«እትዬ፣ ድንጋዩን ሳነሳ እንኳ አንቺን ፈርቼ ነበር» አለችኝ።

የባሏ እጅ ማሽን ውስጥ ሆኖ እኔን ፈራች። ይህን ጆሮዬ ከሚሰማ ምነው ጌጫ በቀረሁ። አሞጽ በግራ እጁ ወንበር ሊያመጣልኝ ተነሳ፤ ተቀመጥ ብለው አይሰማኝም። በእኔ ላይ ተቆጥቶ እንደሆነ ብጠይቀው፣ ጌታ ያውቃል እትዬ አለኝ። ከዚያ ስላንተ ጠየቀኝ። ያን ሰሌዳ ስትሰቅል በአንድ በኩል አንተ፣ በሌላ በኩል እሱ ይዛችሁት ነበር አሉ። ደህና ነው አልኩት። ምን ልበለው?

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ የራሴን ቃል ሁለት ገጽ ጻፍኩ። መስታወቱን እኔ እንዳሠራሁ፣ ቁልፉን እኔ ይዤ እንደሄድኩ፣ ሁለት ዓመት ማንም በሰሌዳው እንዳልሠራበት። ነገ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከዲቦራ ጋር ወስደን ወረዳ እናስገባለን። ሥራዬን እንደሚያስከፍለኝ አውቃለሁ። ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቶኝ ነበር፤ ይሁን። የሐሙሱ ነገርም እንደሚበላሽ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ፤ ግን አልመልሰውም።

አሁን ያየሁትን ልንገርህ። ቃለ ጉባኤው ላይ ከእኔ ቦታ በላይ ሦስት ሰው ፈርሟል። አንደኛው አቶ ከፈለኝ ነው፣ ሁለተኛው ሒሳብ ሹሙ ነው። ሦስተኛው «ሰሌዳው ክፍት መሆኑን በአካል ተገኝቼ አረጋግጫለሁ» ከሚል መስመር ሥር ነው። ስም የለበትም፣ ፊርማ ብቻ ነው። አቶ ከፈለኝ የማን እንደሆነ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። ሰባተኛ ክፍል የነበረ አንድ ልጅ አዲስ የሒሳብ ደብተሩን ግማሽ የጨረሰው ያችን ፊርማ ሲለማመድ ነው። ደብተር አባከንክ ብዬ ጫማ ይዤ እስከ በር አባርሬዋለሁ። መጨረሻዋ ላይ ሁለት ነጥብ ያደርግባት ነበር። ሁለቱም ነጥቦች አሉ።

ለዲቦራ አልነገርኳትም። በጻፍኩት ቃል ውስጥም ያቺ ፊርማ የለችም። እኔ የጻፍኩት ስለ ራሴ ነው፤ ሌላው ሰው የራሱን ይጻፍ።

ይህን የሚያመጣልህ የሰፈራችን ሾፌር ነው፣ ዛሬ ከሰዓት ይደርስሃል። ከሚዛን የመጀመሪያው ሚኒባስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቴፒ ይገባል። እኔ ቀደም ብዬ መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። እስከ ሦስት ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ዲቦራን አላስቆማትም። ሹራብ ልበስ፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ነው።

እመቤቴ ማርያም በወጣህበት በገባህበት አትለይህ። ከክፉ ሰው፣ ከክፉ ወረቀትም ትሰውርህ። አሥሩንም ጣቶችህን ትጠብቅልኝ።

እናትህ